የፒው የፖለቲካ አመለካከት መጠይቅ፦ "እኔ ምንድን ነኝ?" ለሚል አዲስ መራጭ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አዲስ ዜጎች የመራጭነት ምዝገባ ፎርም ሲሞሉ አግዛለሁ። ስሙም አድራሻውም በቀላሉ ይሞላል፤ የፓርቲው ሳጥን ላይ ሲደረስ ግን እስክሪብቶው ይቆማል። ሜሪላንድ ውስጥ ዴሞክራቶችም ሪፐብሊካኖችም ዕጩ በሚመርጡበት የፓርቲ ምርጫ ለመሳተፍ በዚያ ፓርቲ ስም መመዝገብ ያስፈልጋል። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ያለው ሰው ይህ ጣጣ የለበትም፤ እዚያ ሲመዘገቡ ፓርቲ አይጠየቅም። ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ አንድ አባት ሳጥኑን አይተው "ልጄ፣ እኔ ምንድን ነኝ?" አሉኝ። "ጋሼ፣ እሱን እኔ ልነግርዎ አይገባኝም" አልኳቸው። ይህን መጠይቅ ለሰው ማሳየት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አዘጋጁ ዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው ፒው የምርምር ማዕከል ነው። ለማንም የማይወግን የሕዝብ አስተያየት ጥናት ተቋም ነው፤ አሜሪካውያንን በሁለት ፓርቲ ብቻ ሳይሆን በአመለካከታቸው የመመደቡ ሥራም ከ1987 ጀምሮ ሲካሄድ የቆየ ነው። አሁን የምንሞላው የ2021 ጥናት ውጤት ነው። ነጻ ነው፣ 16 ጥያቄ አለው፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። መጨረሻ ላይ ከ9 ቡድኖች ወደ የትኛው እንደምትቀርቡ ይነግራችኋል፤ የቡድኑ ሰዎች እያንዳንዱን ጥያቄ እንዴት እንደመለሱም ያሳያል። እኔን የያዘኝ ይሄኛው ክፍል ነው፤ ከራሳችሁ ቡድን ጋር የት ላይ እንደምትለያዩ ታዩበታላችሁ።

ጥያቄዎቹ ተራ አይደሉም። መንግሥት ትልቅ ሆኖ ብዙ አገልግሎት ይስጥ ወይስ አንሶ ጥቂት? አሜሪካ ለዓለም ሕዝብ በሯን መክፈቷ የማንነቷ መሠረት ነው ወይስ በሩ ከልክ በላይ ሲከፈት ማንነቷ ይጠፋል? ትልልቅ ኩባንያዎች ተገቢውን ትርፍ ያገኛሉ ወይስ ያለልክ ይዝቃሉ? አንዱ ደግሞ በሰፈራችሁ አደባባይ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ሲነገር መስማት ምን ያህል ይረብሻችኋል ይላል። ይህን ሳነብ ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ባቡር ላይ አማርኛ የምናወራው እኛ የዚያ ጥያቄ ርዕስ ነን። ጎረቤቴ ምን ብሎ እንደሚመልስ ማሰቤ አልቀረም፤ ይህን ማሰብም ለአንድ መራጭ ይጠቅመዋል እላለሁ።

መጠይቁን ለእናቴ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። የመንግሥትን መጠን የሚመለከተው ጋ ስንደርስ "መንግሥት ይብዛ? ቀበሌውን ረሳሽው እንዴ?" አለችኝ። በደርግ ዘመን ስኳር በራሽን የተሰለፈች፣ ወንድሟን ለመቅበር እንኳ ፈቃድ የጠበቀች ሴት ናት። "ሜዲኬርሽስ፣ ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ዋስትናሽስ?" ስላት "እሱማ ይኑር፤ ለእሱ ከደሞዜ ሲቆረጥ ኖሯል" አለች። ሁለቱም ከልቧ ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው። መጠይቁ ግን አንዱን ምረጪ ይላል። ለሃይማኖት ጥያቄም እንደዚሁ ነው፦ ሃይማኖት ከመንግሥት ፖሊሲ ይለይ ወይስ ፖሊሲው የሃይማኖት እሴቶችን ይደግፍ? ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ድረስ የመንግሥት ሃይማኖት በነበረባት አገር ላደገች ምእመን ይህ ጥያቄ ብዙ ትዝታ ይቀሰቅሳል፤ በሁለት አማራጭ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከእኛ ሰው ጋር ሲሞላ ችኮላ አያስፈልግም የምለው ለዚህ ነው።

እኔን ያገኘኝ "የዴሞክራቶች ምሰሶዎች" የሚለው ቡድን ነው። ከ9ኙ ትልቁ ነው፤ ከሕዝቡ 16 በመቶ ይይዛል። በእምነታቸው የጸኑ፣ ራሳቸውን ለዘብተኛ የሚሉ፣ መንግሥት ድሃውን እንዲደግፍ የሚፈልጉና ለፓርቲያቸው ታማኝ የሆኑ ሰዎች ይበዙበታል። ጾም እየጾምኩ የሠራተኛ ደሞዝ ይጨመር ማለቴ እርስ በርሱ የሚጋጭ መስሏቸው የሚከራከሩኝ ነበሩ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው እንደዚሁ ያስባል።

ዳላስ ያለው ወንድሜ ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ እሱን ከሚያመነቱት ቀኞች መደበው። እነዚህ 12 በመቶ ናቸው፤ ከቀኞቹ ሁሉ በዕድሜ ወጣት የሆኑ፣ መንግሥት ይቀንስ የሚሉ፣ በማኅበራዊ ጉዳዮች ግን ላላ የሚሉ። እኔና እሱ ስልክ ላይ ስንጨቃጨቅ ዓመታት አልፈዋል። ውጤታችንን ጎን ለጎን ስናስተያይ ስለ ኩባንያዎች ትርፍ የሰጠነው መልስ አንድ ሆኖ አገኘነው። ከዚያ በፊት ስለዚያ ተነጋግረን አናውቅም።

የመጠይቁ ትልቁ ጥቅም የሁለቱን ፓርቲዎች ውስጥ መክፈቱ ነው። ሕዝበኛ የሚባሉት ቀኞች ስደተኛን አጥብቀው ይቃወማሉ፤ ብዙዎቹ ግን ሀብታሙ ግብር ይጨመርበት ይላሉ። ሁለቱን ዳርቻዎች እንያቸው፦ የእምነትና የሰንደቅ ዓላማ ወግ አጥባቂዎች 10 በመቶ፣ ተራማጅ ግራዎች 6 በመቶ ናቸው። በፖለቲካው ከሁሉ ይበልጥ ንቁዎቹም እነሱ ናቸው። ቴሌቪዥን ላይ የምንሰማው ጩኸት ለምን ከሰፈራችን ወሬ ጋር እንደማይመሳሰል ከዚህ ይገባናል።

ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች አንዱ የሆነው ጄምስ ማዲሰን በ1787 መገባደጃ ኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ ለአዲሱ ሕገ መንግሥት ሲከራከር ያነሳው ነገር ይኸው ነበር። አንጃ ነጻነት ባለበት ሁሉ ይፈጠራል፤ መድኃኒቱ ብዙ አንጃ የሚኖርበት ሰፊ ሪፐብሊክ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይገታዋል አለ። ሕገ መንግሥቱም ስለ ፓርቲ አንዳች አይናገርም። ሁለት ፓርቲ ብቻ የቀረው በአመዛኙ በምርጫው ሥርዓት ምክንያት ነው፤ ከአንድ ወረዳ አንድ ሰው ብቻ ያልፋል፣ ሁለተኛ የወጣው ባዶ እጁን ይቀራል። እስራኤል ላሉ ዘመዶቻችን ይህ እንግዳ ነው፤ የፓርላማቸው የክኔሴት 120 መቀመጫ በድምፅ ድርሻ ይከፋፈላል፣ ለመግባት 3.25 በመቶ ይበቃል። ከ9ኙ ቡድኖች ትንሿ 6 በመቶ ናትና በዚያ ሥርዓት ሁሉም የየራሳቸው ፓርቲ ይኖራቸው ነበር። እዚህ ግን የማዲሰን አንጃዎች በሁለት ድንኳን ታጭቀው ይኖራሉ፤ ዕጩ የሚመረጥበት የፓርቲ ምርጫም ዋናውን ምርጫ ያህል የሚከብደው ለዚህ ነው።

"ፒው 10,221 ሰው ጠይቆ ስለ መላው አሜሪካ እንዴት ይናገራል?" የሚለኝ አላጣም። ዋናው የሚጠየቀው ሰው እንዴት እንደተመረጠ ነው። በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት 10 ሚሊዮን የመጠይቅ ወረቀት በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና ሪፐብሊካኑ ላንደን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። አድራሻውን የወሰደው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ስለነበር ድሃው ተረሳ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋለፕ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ሰው ጠይቆ አሸናፊውን በትክክል ተናገረ።

ጉድለቱንም ልናገር። አማርኛ የለውም፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ ለሚከብደው ሰው አጠገቡ የሚያነብለት ያስፈልጋል፤ አንባቢውም የራሱን መልስ እንዳያስገባበት መጠንቀቅ አለበት። ጥናቱ የ2021 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የቡድኑ ስም ደግሞ የቡድኑን አማካይ እንጂ አንድን ሰው አይገልጽም። እናቴን "ኑሮ ያስጨነቃቸው ዳር ቋሚዎች" ውስጥ ነው ያስገባት። እሷ ግን ዜጋ ከሆነች ወዲህ ምርጫ ቀርታ አታውቅም።

ያቺ ቡድን ግን ከሁሉም በላይ ታሳስበኛለች። ከሕዝቡ 15 በመቶ ስትሆን በ2020 ድምፅ ከሰጡት ውስጥ 10 በመቶ ብቻ ነበረች። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ፣ አቋማቸው ከሁለቱም ወገን የተቀላቀለ፣ ፖለቲካን ለመከታተል ጊዜ ያጡ ሰዎች ይበዙባታል። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ሆቴል የሚሠሩትን ወገኖቼን እዚያ ውስጥ አያቸዋለሁ። ሜሪላንድ ላይ ከምርጫው ቀን በፊት ባሉት ቀናት በአካል ተገኝቶ ቀድሞ መምረጥ እንደሚቻል ለብዙዎቹ የነገራቸው ሰው የለም።

መጠይቁን ሙሉት፤ ለወላጆቻችሁም አንብቡላቸው። የፓርቲውን ሳጥን ግን በእሱ ውጤት ብቻ አትሙሉ፤ ለአካባቢያችሁ የትምህርት ቦርድና የካውንቲ ምክር ቤት ማን ማን እንደቀረበም እዩ። እዚያ ባዶ መተው ወይም "ፓርቲ የለኝም" ማለትም መብት ነው፤ በኖቬምበሩ ዋና ምርጫ ድምፅ ከመስጠት አያግድም።