ለቤት ኮምፒውተር ስንት ጊጋ ራም ይበቃል? ከወራት አገልግሎት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

የምገመግመው ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ካለ ሱቅ ያገለገለ ሆኖ የገዛሁትን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3060 ነው። ኮር አይ 5 8500 ፕሮሰሰር፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፋይሎች የሚቀመጡበት ፈጣን ማከማቻ) እና አንድ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር 4 ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚያርፉበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ይዞ የመጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው የራም ስሎት (መሰኪያ) ባዶ ነበር። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ዊንዶውስ 11ን የሚቀበል ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር መምረጤ ተገቢ ነበር። ሻጩ «32 ካላደረግኸው ይቆጭሃል» ቢለኝም፣ ለምን እንደሚያስፈልገኝ ስጠይቀው ግን «ይፈጥናላ!» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረውም። ስለዚህ በ8 ጊጋ ጀምሬ ለወራት ሠራሁበትና ወደ 16 አሳደግሁት።

ኮምፒውተሩን ሦስት ሰዎች እንጠቀምበታለን። ባለቤቴ ከዚራ አካባቢ ላሉ ነጋዴዎች ሒሳብ በፒችትሪና በኤክሴል ትሠራለች፤ ልጃችን የ12ኛ ክፍል ትምህርቷን ከዩቲዩብና ከፒዲኤፍ መጻሕፍት ትከታተላለች፤ እኔ ደግሞ ጽሑፍ አሰናዳለሁ፣ አልፎ አልፎም ለሠርግ ጥሪ የሚሆን ፎቶግራፍ በፎቶሾፕ አስተካክላለሁ። ለየብቻችን ስንሠራ 8 ጊጋ አላነሰንም። ዊንዶውስ 11 ምንም ሳይከፈትበት ከ3 ጊጋ በላይ ይይዛል፤ ፒችትሪ ከቁጥር የሚገባ ራም አይወስድም፤ ክሮም ደግሞ ታቦቹን በአብዛኛው ራሳቸውን እንደቻሉ ፕሮግራሞች ለየብቻ ስለሚያስኬድ ታብ በተከፈተ ቁጥር ፍጆታው ይጨምራል። ከሁሉም ሰፋ ያለ ቦታ የሚጠይቀው ፎቶሾፕ ሲሆን፣ አዶቤም ቢያንስ 8፣ የተሻለ ከተፈለገ 16 ጊጋ እንዲኖር ይመክራል።

የራም እጥረት የታየው ከሥራችን ዓይነት ሳይሆን ከብዛታችን ነው። በድሬዳዋ ሙቀት አሳብ የሚጠይቅ ሥራ የሚሠራው በማለዳ ነው፤ ከቀትር በኋላ ቤቱ ያርፋል፣ ወደ ማታ ደግሞ ሥራው እንደገና ይጀመራል። በዚህ የተነሣ ኮምፒውተሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ይውላል፤ ተነሥቶ የሚሄደው ሰው ግን አካውንቱን አይዘጋም፣ የሚቀጥለው በ«ስዊች ዩዘር» የራሱን ከፍቶ ይቀመጣል። የባለቤቴ ኤክሴልና የልጄ ዐሥራ ምናምን ታቦች ከእኔ አካውንት በስተጀርባ ራም እንደያዙ ይቆያሉ ማለት ነው። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ለጊዜው የማይፈለገውን ወደ ኤስኤስዲው ያወርዳል፤ ኤስኤስዲ ደግሞ ፈጣን ቢባልም ከራም ጋር የሚወዳደር አይደለም። ፎቶሾፕን ከክሮም ጋር ሳቀያይር መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይቀርና፣ ማውዙ እየተንቀሳቀሰ በአናቱ ላይ «ኖት ሪስፖንዲንግ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይመለሳል። በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ኮምፒውተር ቢሆን ኖሮ ይህ ቆይታ ትዕግሥት የሚያስጨርስ ይሆን ነበር።

ራም ይነሰን ወይም ይብቃን ለመወሰን ብዙዎች ታስክ ማናጀር (የኮምፒውተሩን የሥራ ጫና የሚያሳየው የዊንዶውስ መስኮት) ላይ የሚያዩት የፐርሰንት ቁጥር ጥሩ መለኪያ አይመስለኝም። 16 ጊጋ ካስገባሁ በኋላ ዊንዶውስ ራሱ ቀድሞ ከሚይዘው በላይ መያዝ ጀምሯል፤ ትርፍ ቦታ ካገኘ ይጠቀምበታልና። ይበልጥ የሚጠቅመው በዚያው ገጽ «ኮሚትድ» በሚለው ሥር ያለው የመጀመሪያ ቁጥር ነው፤ ፕሮግራሞቹ በጠቅላላ የጠየቁትን መጠን ያሳያል። ይህ ቁጥር በተለመደው ሥራ ላይ ካለው ራም ብዙ በልጦ የሚቆይ ከሆነና አብሮም መዘግየት ከታየ፣ መጨመር ያስፈልጋል። በእኛ ቤት ሦስቱም አካውንቶች ሲከፈቱ ቁጥሩ 11 እና 12 ጊጋ ይደርስ ነበር፤ የወሰንኩትም በዚህ ነው።

ጭማሪውን ስገዛ የገጠመኝን ለሌሎች ገዢዎች ብገልጸው ይጠቅማል። በርካሽ የቀረበልኝ ባለ 8 ጊጋ ራም መልኩም ቁመቱም ከእኔው ጋር አንድ ነበር፤ ነገር ግን መለያው ላይ የተጻፈው ኮድ መጨረሻው ላይ «ዩ» በመሆን ፈንታ «አር» የሚለውን የላቲን ፊደል ይዟል። ይህ ፊደል ራሙ ለሰርቨር (ለብዙ ተጠቃሚዎች አገልግሎት ለሚሰጥ ኮምፒውተር) የተሠራ መሆኑን ያመለክታል፤ እንዲህ ያለው ራም የእኔን በመሰለ የቤት ኮምፒውተር ላይ አይሠራም። ትክክለኛውን፣ ፍጥነቱም እንደ ቀድሞው 2666 የሆነውን ፈልጌ አስገባሁ። ሁለት እኩል ራም መኖሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ በአንድ ቻናል (ራሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር በሚያገናኘው መስመር) በሰከንድ 21 ጊጋ ባይት ገደማ የነበረው የማስተላለፍ አቅም በሁለት ቻናል ወደ 42 ከፍ ይላል። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ምስል የሚሠራው ከዚሁ ራም ተበድሮ ስለሆነ፣ ሁለት ባለ 8 ከአንድ ባለ 16 ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ ነጩን መስኮት አላየሁም። ኮምፒውተሩ የሚነሣበት ጊዜ ግን እንደ ቀድሞው ነው፤ ፒችትሪም አልፈጠነም፤ ኢንተርኔቱም ያው ኢንተርኔት ነው። መብራት ሲጠፋ ራም ላይ ያለው ሁሉ የሚጠፋ በመሆኑ፣ የራሙን ይዘት በኤሌክትሪክ ይዞ ከሚያቆየው «ስሊፕ» ይልቅ «ሃይበርኔት»ን መርጫለሁ፤ ይህም የራሙን ይዘት ኤስኤስዲ ላይ ያስቀምጣል። ለዚህ የሚያዘው ፋይል በተለመደው አሠራር የራሙን 40 በመቶ ስለሚያህል፣ ራም ሲጨምር 256 ጊጋ በሆነው ኤስኤስዲዬ ላይ 6 ጊጋ ተኩል ገደማ ይወስዳል። የከተማችን አቧራ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ቀፎውን ከፍቶ በብሩሽ ማጽዳት በየጊዜው ያስፈልጋል።

ዊንዶውስ 11 በ4 ጊጋ እንዲሠራ ቢፈቀድለትም፣ በዚያ መጠን መሥራት ለማንም አልመክርም። አንድ ሰው ብቻ የሚጠቀምበትና ኤስኤስዲ ያለው ኮምፒውተር በ8 ጊጋ ለቢሮ ሥራ፣ ለፊልምና ለጥናት ይበቃዋል። እንደ እኛ አካውንት ሳይዘጉ የሚፈራረቁ ሰዎች ላሉበት ቤት 16 ይሻላል። 32 ጊጋ የሚያስፈልገው ረጃጅም ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ስርዓተ ክወና ለሚያስኬድ ሰው ነው። ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በእጅጉ ስለናረ «ለማንኛውም ይሁን» ተብሎ የሚገዛበት ጊዜም አይደለም። ሁለቱም ስሎቶቼ ስለተያዙ ወደ 32 ለማሳደግ ያሉትን አውጥቼ ሁለት ባለ 16 መግዛት ይጠበቅብኛል፤ ያን የሚያህል ገንዘብ ባገኝ ግን መጀመሪያ የምገዛው መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ነው።