እግዜር ይስጥልን፣ የናታንያው ማጺል

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ እስራኤል፣ ናታንያና አካባቢዋ ለምትኖሩ ወላጆች፣ በተለይ ልጆቻችሁ "ሰርፍ ካልጀመርን"፣ ማለትም በቦርድ ሞገድ ላይ ካልተንሸራተትን፣ ብለው ቤቱን ላመሱባችሁ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ ነው። ምስጋናም አለብኝ። ሁለቱንም እዚሁ ልጻፈው።

ሰውየው ማጺል ነው። የባሕር ዳር ነፍስ አድን። ስሙን አልጽፍም፤ እሱም ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም። "እኔን ተዪኝ፣ ስለ ባሕሩ ጻፊ" ብሎኛል። እኔም እሺ ብያለሁ፣ ግን እሱን ሙሉ ለሙሉ መተው አይሆንልኝም።

እኛ ከደጋ የመጣን ሰዎች ነን። እኔ ጎንደር ሳድግ ውሃ ማለት ወንዝ ነበር። ክረምት ሲሞላ አትሻገርም፣ በጋ ሲጎድል ትሻገራለህ፣ አለቀ። ባሕር እንደዚያ አይደለም። ጠዋት ጭጭ ብሎ የተኛው ውሃ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ሆኖ ይጠብቃችኋል። ልጄ ደግሞ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እሷ ባሕሩን አትፈራውም። እኔ እፈራዋለሁ። በመሀላችን ሆኖ ሁለታችንንም ያስተማረን ይሄ ሰው ነው።

ሥራው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ጠዋት ማማው ላይ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያየው ባንዲራውን ነው፤ ቀለሙን ሳይሆን ወዴት እንደሚውለበለብ። ከዚያ ዝም ብሎ ውሃውን ያያል፣ ረጅም ጊዜ። ቦርድ ይዘው የመጡትን ልጆች ሲያገኛቸው ሰላምታ ሳይሰጥ "ዛሬ ስንት ነው?" ይላል። ልጆቹ ትንበያውን አይተው መምጣት አለባቸው። ከፍታው፣ ሰከንዱ፣ ነፋሱ። ያልመለሰ ልጅ ቦርዱን አሸዋው ላይ አስቀምጦ ስልኩን ያወጣል። ልጄ አሁን አርብ ጠዋት ከአልጋዋ ሳትነሳ ቁጥሩን ታነብልኛለች። እኔም ቡናውን እያፈላሁ "ነፋሱስ?" እላታለሁ። ማን ያምናል!

ቁጥሮቹ ምን ማለት እንደሆኑ እሱ ያስረዳኝን ልጻፍላችሁ፤ ለብዙ ወላጅ ይጠቅማል።

መጀመሪያ ከፍታ። እዚህ አገር ያሉት የሰርፍ ትንበያዎች ሞገዱን በሜትር ብቻ አይነግሩም፤ በሰው አካል ነው የሚለኩት። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት፣ ትከሻ፣ ራስ። ጥሩ ነው፣ ለእኛም ይገባል። በሜትር የሚጻፈው ቁጥር ግን የትልቁ ሞገድ ልክ አይደለም። ባሕሩ ላይ ካለፉት ሞገዶች ትልልቆቹ አንድ ሦስተኛው ተወስደው የእነሱ አማካይ ነው የሚነገረው። ስለዚህ "1 ሜትር" ካለ፣ አልፎ አልፎ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ሊመጣ ይችላል። ይሄን ስሰማ ደንግጬ ነበር። ልጄ ታውቀው ኖሯል።

ሁለተኛው ሰከንድ ነው፤ በአንድ ሞገድና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ። እኔ ይሄን ቁጥር ዘልዬው ነበር የማልፈው። እሱ ግን ከከፍታው አስቀድሞ የሚጠይቀው ይሄንን ነው። 1 ሜትር በ5 ሰከንድ እና 1 ሜትር በ9 ሰከንድ ሁለት የተለያዩ ባሕሮች ናቸው። የ5 ሰከንዱ እዚሁ ቅርብ በነፋስ የተነሳ ነው፤ አጭር፣ የተመሰቃቀለ፣ አንዱ ሳያልፍ ሌላው የሚደርስ። የ9 ሰከንዱ ከሩቅ ነው የመጣው። ጥልቅ ውሃ ላይ ርዝመቱ ወደ 125 ሜትር ነው፣ የ5 ሰከንዱ ግን 40 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሞገድ የራሱን ርዝመት ግማሽ በሚያህል ጥልቀት ላይ የባሕሩን ወለል መንካት ይጀምራል። ረጅሙ ገና ከሩቁ ወለሉን ይነካል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ተሰብስቦ ወደ ላይ ይነሳል። 1 ሜትር ተብሎ የተጻፈው ዳር ሲደርስ ከዚያ በላይ ሆኖ የሚቆመው ለዚህ ነው።

የእኛ ባሕር፣ ሜዲትራኒያን፣ እንደ ውቅያኖስ አይደለም። ከሲሲሊ እስከዚህ ወደ 1,800 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ነፋስ ሞገድ የሚገነባበት ሜዳ ያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከ10 ሰከንድ በላይ የሚታየው ከባድ የክረምት ወጀብ ሲኖር ነው (የዚህ አገር ክረምት የብርዱ ወቅት ነው፣ በጋው ደግሞ የሙቀቱ)። የውሃው ሙላትና ጉድለትም ከ40 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ሌላ አገር ያሉ ሰርፈኞች ሰዓት የሚያሰሉለት ነገር እዚህ እምብዛም አያሳስብም።

ሦስተኛው ነፋስ ነው። እዚህ ላይ ማጺሉ ግጥም ሊጽፍ ምንም አይቀረው። ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ከምሥራቅ ይመጣል፤ ሌሊት የቀዘቀዘው መሬት ነው ወደ ባሕሩ የሚተነፍሰው። ያ ነፋስ ሞገዱን ፊት ለፊት ይዞ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ ፊቱንም ያለሰልሰዋል። ባንዲራው ወደ ባሕሩ ሲውለበለብ ካያችሁ ጊዜው የሰርፈኞቹ ነው። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይገለበጥና ከባሕር ወደ ምድር ይነፍሳል። ያን ጊዜ ሞገዱ ከጀርባው እየተገፋ ይፈርሳል። ልጆቹ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተው ቦርድ የሚሸከሙት ለዚህ ነው እንጂ አብደው አይደለም።

ስለ ወቅቱ ባጭሩ፦ ትልቁ ሞገድ የክረምት ነው። በቆጵሮስ በኩል ዝቅተኛ የአየር ግፊት ሲመጣ ባሕሩ ይናወጣል። የወጀቡ ቀን ማንም አይገባም፤ ጥሩው የሚመጣው ነፋሱ ሲረግብ፣ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። ውሃው ያን ጊዜ 17 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን ወፍራም የጎማ ልብስ ያስፈልጋል። በበጋ ከኤጂያን ባሕር በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ትንንሽ ሞገድ ይልክልናል፤ ጉልበት፣ ሲበዛ ወገብ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም።

አሸዋውን ልርሳው እንዴ? ሞገዱ የት እንደሚሰበር የሚወስነው እኮ ከውሃው በታች ያለው የአሸዋ ቁልል ነው። 1 ሜትር የሆነ ሞገድ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ሲሆን ይሰበራል። ቁልሉ ከክረምት ወጀብ በኋላ ቦታ ይቀይራል፤ ስለዚህ አምና ጥሩ የነበረው ቦታ ዘንድሮ ባዶ ሊሆን ይችላል። ማጺሉ ይሄን ሲነግረን ያ ሁሉ አሸዋ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ አለን። ከናይል ነው። ወንዙ ግብፅ ላይ ባሕር ውስጥ የጣለውን ሞገዱና የባሕሩ ጅረት እየገፉ በዳርቻው ወደ ሰሜን ያመጡታል፣ እስከ ሃይፋ። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ተረጎምኩላት። "አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" አለችና አሸዋውን በእጇ ዘገነች። እውነትም፣ ናይል ከሚሸከመው ደለል አብዛኛው ከእኛው ደጋ የታጠበ ነው። ከአስዋን ግድብ ወዲህ ግን ወንዙ እንደድሮው አይጭንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ይህን ጽሁፍ ወዳስጻፈኝ።

እኛ የምንሄድበት ባሕር ዳር፣ ከውሃው ውስጥ በድንጋይ የተሠራ የሞገድ መከላከያ አለ። ከድንጋዩ ኋላ ውሃው ጸጥ ያለ ነው፤ ወላጅ አይቶ ይረጋጋል። ጫፉ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሞገዱ ወደ ዳር የገፋው ውሃ መመለሻ ይፈልጋል፤ ያገኘውን ቀዳዳ ይዞ ወደ ጥልቁ ይሮጣል። አንድ ቀን ልጄ ቦርዷ ላይ ተኝታ እየቀዘፈች ሳለ ወደዚያ ጫፍ መሳብ ጀመረች። እኔ አላየሁም። እሷም አላወቀችም። ማይኩ ጮኸ፦ "ቢጫ ቦርድ! ወደ ዳር አትቅዘፊ! ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ ነይ! ነይ፣ ነይ!" አዎ፣ "ነይ" ነው ያለው፣ በአማርኛ። ከልጆቻችን ለቅሟት ባሕር ዳሩን ሙሉ ያሰማታል። ወጣቱ ባልደረባው ወዲያው ሐሳኬው ላይ ቆሞ መቅዘፍ ጀምሯል። ሐሳኬ የምትሉት ማጺሎቹ ቆመው የሚቀዝፉበት ሰፊው ጠፍጣፋ ጀልባ ነው። እሷ ግን እንደተነገራት ወደ ጎን ቀዘፈች፣ ከሚጎትተው ውሃ ወጣች፣ ሞገድ ይዛ ተመለሰች። ወጣቱ አጠገቧ ደርሶ ሸኛት።

ይጮህባታል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። ማማውን ለባልደረባው ትቶ ወረደና አሸዋው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። እጁን ዘርግቶ "ነጭ አረፋ የሌለበት ቦታ የት ነው?" አላት። አሳየችው። "ሞገዱ ግራና ቀኝ ይሰበራል፣ እዚያ ግን አይሰበርም። ቀለሙም ጠቆር ይላል። አረፋው ወደ ውስጥ ሲሄድ አየሽ?" አላት። ዓይናችንን አጥብበን አየን። በእርግጥም አንድ የላስቲክ ቁራጭ ወደ ጥልቁ እየተጓዘ ነበር፣ ማንም ሳይገፋው። አዲስ ሰው ቢሆን "እዚህ ሞገድ የለም፣ እዚህ እንዋኝ" ብሎ የሚመርጠው ያንኑ ቦታ ነው። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች "እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይሄ ነው" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ውሃ ከመግባቷ በፊት ቁጭ ብላ ታያለች። ማንም ሳያዛት። ከዚህ በላይ ምን ልመርቀው?

በነገራችን ላይ እዚህ አገር ሰርፍና ማጺል ከጥንትም የተዛመዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1956 ዶሪያን ፓስኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ቦርድ ይዞ ቴል አቪቭ ሲመጣ መጀመሪያ ከተማሩት መካከል የባሕር ዳሩ ማጺሎች ነበሩ። የእኛው ሰውዬ ይሄን ታሪክ ሲያወራ እሱ ራሱ እዚያ የነበረ ይመስላል። ዕድሜው አይደርስም፣ ግን ተዉት።

ጉድለትም አለው፣ ልደብቅ አልችልም። ግልፍተኛ ነው። ማይኩ እጁ ላይ ካለ ለማንም አይመለስም፣ ለሽማግሌም ለሹምም። ባንዲራው ጥቁር ሲሆን ውሃ ውስጥ እግሩን የነከረ ሰው ካየ ስድብ የቀረው ነገር ይናገራል። ነጭ ከሆነ ሰላም ነው፣ ቀይ ከሆነ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ከሆነ መግባት ክልክል ነው። "ይሄን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም" ይላል፣ ደጋግሞ፣ በማይክ።

ሌላም ውለታ አለው። ሱቅ ሄደን ለልጄ አጭርና ቀጭን፣ ቆንጆ ቦርድ ተሸጦልን ነበር። ገና ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። ለጀማሪ ረጅሙና ለስላሳው፣ 8 ጫማ የሚሆነው ይሻላል አለ። ሜዱዛ፣ ያ ተናዳፊው ጄሊፊሽ፣ የነካቸውን ልጆችም የሚያክመው እሱ ነው። በበጋው መሀል መንጋው ሲመጣ በባሕር ውሃ ብቻ ያጥባል፤ በቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ ማሸትም አይሆንም።

ስለዚህ ጥቆማዬ ይሄ ነው። ለሰርፍ ኮርስ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ልጃችሁን ይዛችሁ አንድ ጠዋት ወደ ማጺሎቹ ማማ ሂዱ። አያትም ካለች ይዛችኋት ሂዱ፤ ሲሮኒት በሚባለው ባሕር ዳር በኩል ከገደሉ አናት የሚያወርድ አሳንሰር ስላለ ጉልበቷ አይቸገርም። ውሃው ሰው ሳይሞላበት፣ ማጺሉ ሥራ ሳይበዛበት ድረሱ። በሥራ ሰዓት ረጅም ወሬ አትክፈቱበት፤ ሲያወራችሁም ፊቱን ወደ እናንተ ካላዞረ አትቀየሙት፣ ዓይኑ ውሃው ላይ መሆን አለበት። የሥራ ሰዓታቸው በየወቅቱ ይለያያልና ማማው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ማጺል በሌለበት ሰዓት ወይም መዋኘት ባልተፈቀደበት ቦታ ልጅ አታስገቡ። ሰርፍ የጀመሩት ልጆች ከዋናተኞቹ ክልል ውጪ ነው የሚገቡት፤ የት እንደሆነ ራሱ ያሳያችኋል።

ገንዘብ አይቀበልም፣ እንዳትሞክሩ። ቡና ግን አይመልስም። እናቴ በፔርሙዝ ትወስድለታለች። ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው፣ ከዳቦ ጋር ከሆነ ደግሞ ማይኩን ለአፍታ ያስቀምጣል።