ለትንሽ ትራክተር የፊት አክስል፦ 90፣ የትራክተር ዘይት ወይስ 140?

ድሬ ውስጥ ትንሽ ትራክተር ያለው ሰው የፊት አክስል ዘይት ልግዛ ብሎ ሱቅ ከገባ ሦስት ምክር ይዞ ይወጣል። አንዱ «90 አድርግበት» ይለዋል። ሌላው «ለኋላ የምታደርገውን ጨምርበት፣ ያው ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «በዚህ ሙቀት? 140 ነው እንጂ» ብሎ ወፍራሙን ከመደርደሪያ ያወርድለታል። የሚገርመው ሦስቱም እርግጠኛ ናቸው። የድሬ ልጅ አንቱታ ስለማይሆንለት እኔም አንተ እያልኩ የትኛው ለማን እንደሚሻል ልንገርህ።

የማወራው ፎር ዊል ስላለው፣ ማለትም ሞተሩ የፊት ጎማውንም ስለሚያዞረው ትራክተር ነው። የፊት ጎማህ የሚዞረው ለመሪ ብቻ ከሆነ ውስጡ ማርሽ የለም፣ ግሪስ ነው የሚፈልገው፣ ገንዘብህን ኪስህ አስቀምጥ።

90 የሚባለው የማርሽ ዘይት ነው፣ ጀሪካኑ ላይ 80ደብልዩ-90 ወይም 85ደብልዩ-90 ተብሎ ይጻፋል። የትራክተር ዘይት ደግሞ ከኋላ ካምቢዮውን፣ ሃይድሮሊኩን እና በዘይት ውስጥ የሚሠራውን ፍሬን አንድ ላይ የሚያገለግለው ነው። እንደ ኩቦታ ያሉ ፋብሪካዎች በብዙ ትንንሽ ሞዴሎቻቸው መመሪያ ላይ ለፊት አክስል ሁለቱንም ይፈቅዳሉ። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ትክክል ነው አይደለም፤ ያንተ ትራክተር የት ነው የሚውለው፣ ሲሉስ፣ ማለትም ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ ምን ያህል አርጅቷል ነው።

ውፍረቱን እንይ። 90 ዘይት በ100 ዲግሪ ሙቀት ቢያንስ 13.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲበዛ ዘይቱ ይወፍራል) መሆን አለበት። የትራክተር ዘይት በዚያው ሙቀት ብዙውን ጊዜ 9 ወይም 10 አካባቢ ነው። ማለትም ሲግል በግልጽ ይቀጥናል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ምን እንደሚመስል ለድሬ ሰው አልነግረውም። ቆላው ላይ ቀኑን ሙሉ የምታርስ ከሆነ፣ ወይም ከፊት አካፋ ገጥመህ አሸዋና ድንጋይ የምትጭን ከሆነ፣ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው የፊት አክስሉ ላይ ነውና 90 ይሻልሃል። ያረጀ ሲል ካለህም እንደዚያው፣ ቀጭን ዘይት ቶሎ ነው የሚያንጠባጥበው። በእርግጥ መፍትሔው ሲሉን መቀየር ነው፣ ግን እስኪቀየር ድረስ።

ሐረር ወይም ሐረማያ በኩል ከሆንክ ሌላ ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ትጠጋለች፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ሥራውም ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ነው። እዚያ የትራክተር ዘይት ምንም አያንስም። ደግሞ የኋላውን ዘይት በዚያው ሰሞን የምትቀይር ከሆነ አንድ ትልቅ ባልዲ ገዝተህ ሁለቱንም ትጨርሳለህ። የኋላው ብዙ ሊትር ይጠጣል፣ የፊቱ ግን በአብዛኛው ከ4 እስከ 7 ሊትር ቢወስድ ነው። ለፊት አክስል ብቻ ብለህ ባለ 20 ሊትር ባልዲ መግዛት ግን፣ አቦ፣ ገንዘብ መበተን ነው።

በተቃራኒው አታድርገው። ከፊት የተረፈህን 90 ከኋላ አትጨምር። የኋላው ፍሬንና ክላች ዘይት ውስጥ ነው የሚሠሩት፣ 90 ሲገባባቸው መንሸራተትና መጮህ ይጀምራሉ። እኔ ይህን ያወቅኩት በመካሪ አይደለም። አንድ ጋራዥ ውስጥ ሁለቱን ጀሪካን አቀያይረውብኝ፣ የኋላውን ዘይት ሁለት ጊዜ አስፈስሼ ነው የተገላገልኩት። ከዚያ ወዲህ ጀሪካኑ ላይ በማርከር «ፊት» ብዬ እጽፋለሁ።

140ን በተመለከተ አጭር ነው፤ ተወው። የፊት አክስል ዘይት የሚጨመረው መሃል ላይ ነው፣ ከዚያ በጠባብ መንገድ ወደ ግራና ቀኝ ጫፍ ይሄዳል። ወፍራም ዘይት እዚያ ለመድረስ ይዘገያል፣ አንተ ሞላ ብለህ ትዘጋለህ፣ ጫፍ ያለው ማርሽና ኩሽኔታ ግን ገና ይጠብቃል። «90 ከወፈረብህ የሞተር 40 አድርግ» የሚልም አለ። የማርሽ ዘይት ቁጥርና የሞተር ዘይት ቁጥር መለኪያው የተለያየ ነው። የማርሽ 90 ውፍረቱ ከሞተር 40 ወይም 50 ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ የማርሽ ጥርስ ሲጫን የሚጠብቀው ኬሚካል ነው፣ እሱ ደግሞ የሞተር ዘይት ላይ በዚያ መጠን የለም።

ሻጩ «75ደብልዩ-90 ሙሉ ሲንተቲክ ነው፣ የተሻለ ነው» ካለህም ተረጋጋ። ደብልዩ ያለበት ቁጥር የብርድ ቁጥር ነው። 85ደብልዩ እስከ 12 ከዜሮ በታች፣ 80ደብልዩ እስከ 26 ከዜሮ በታች፣ 75ደብልዩ እስከ 40 ከዜሮ በታች ተፈትኖ ነው የሚያልፈው። ከድሬ ወደ ሐረር ሲወጣ ካለው ከደንገጎ ተራራ አናት ላይ እንኳ ብታድር እዚያ የሚያደርስህ ብርድ የለም። ለብርዱ ቁጥር ብለህ አትጨምር፣ 85ውም ይበቃሃል። ይልቅ ትርፉን ለአዲስ ሲልና ለሮንዴላ አውለው። ጀሪካኑ የታሸገ መሆኑን እይ፣ ከበርሜል የሚቀዳውን ዋጋው ቢያጓጓህም እለፈው።

ስትቀይረው በመጀመሪያ የላይኛውን መጨመሪያ ቡሎን ፍታ፣ እሱ እንቢ ካለህ ታችኛውን አትንካው፣ ባዶ አክስል ይዘህ ትቀራለህ። ትራክተሩ ትንሽ ሠርቶ ሞቅ ሲል አፍስስ፣ የግራም የቀኝም ማፍሰሻ አለው፣ አንዱን ብቻ ፈትቶ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። የወጣው ዘይት ጥቁር ቢሆን አትደንግጥ። ወተት ከመሰለ ግን ውሃ ገብቷል። በክረምት ወንዙ ሲሞላ የጋለ አክስል ይዞ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው ይህ ይገጥመዋል፣ አክስሉ ድንገት ሲቀዘቅዝ በአየር መውጫውና በሲሉ በኩል ውሃ ይስባል። እንዲህ ከሆነ የዘይት ምርጫው ሁለተኛ ነገር ነው፣ ሲሉን ሳትቀይር 90ም ሞላህ የትራክተር ዘይት ያው ይበላሽብሃል። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ካለው፣ እሱ ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ነገር ካየህ ጤነኛ ነው፣ ስንጥር ብረት ካየህ ግን መካኒክ ጥራ።

ደግሞ ከድሬ ወደ ሐረር በአስፋልት ስትወጣ ፎር ዊሉን አጥፋ። አስፋልት ላይ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል ስለማይሄዱ ማርሹ እርስ በርሱ ይታገላል፣ የትኛውም ዘይት ይህን አይችለውም።

እኔ ቆላ ስለምውል 90 ነው የማደርገው። ባለፈው ስቀይር በቀስታ ሞላሁ፣ መለኪያው ላይ ደረሰልኝ፣ ዘጋሁ። በማግስቱ ጠዋት ሳየው ወርዷል። አልፈሰሰም፣ ወደ ጫፎቹ ነው የሄደው። ግማሽ ሊትር ያህል ጨመርኩበት።