ለካርፕ የሚሆን የመንጠቆ ክር፦ በሐይቅና በአርዲቦ ዳር የተፈተኑ አራት ዓይነቶች

በዓሣ ማጥመጃ ዕቃዎች መካከል ዋጋው አነስተኛ ሆኖ በውጤቱ ላይ ግን ከፍተኛ ድርሻ ያለው፣ ክሩን ወደ ታች ከሚያሰጥመው እርሳስ ቀጥሎ መንጠቆውን የሚይዘው አጭር ክር ነው። ለዘንግና ለክር ማጠንጠኛ ወር ሙሉ አማክሮና አወዳድሮ የሚገዛ ሰው፣ ከአንድ ስንዝር ወደማይበልጠው ወደዚህ ክር ሲደርስ እጁ የገባውን ቋጥሮ ወደ ውኃ ይወረውራል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ባለፈው በጋ ግን አራት ዓይነት ክሮችን በወሎ ባሉት ሐይቅና አርዲቦ በተባሉ ሐይቆች ዳር፣ ካርፕ የተባለውን ዓሣ በማጥመድ በተራ በተራ ፈትሻለሁ፤ ሁለቱ ደሴ ከሚገኙ ሱቆች የተገዙ፣ ሁለቱ ደግሞ ከውጭ አገር የመጡልኝ ናቸው።

ለሙከራው ያነሣሣኝ በሐይቅ ዳር መረብ ሲጠግኑ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ጠዋቱን በሙሉ መንጠቆዬ ላይ ያለው በቆሎ እየተነካ፣ ዓሣው ግን ሳይያዝ እንደቀረ ስነግራቸው ክሩን ተቀብለው ጣታቸው ላይ ጠቀለሉትና ለቀቁት፤ ክሩም ወዲያው ተፈትቶ ቀጥ አለ። “አየህ ልጄ፣ ክርህ መቅጠኑ ወይም መወፈሩ አይደለም ጉዳዩ፤ ደረቅ ነው። ዓሣው ገና ሲስበው ያውቀዋል” አሉኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ክር የምመርጠው ስንት ኪሎ እንደሚሸከም እያየሁ ብቻ ነበር።

የአዛውንቱ አነጋገር ከካርፕ አበላል ጋር በትክክል ይገጥማል። ካርፕ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ የሚያደቅባቸው ጥርሶች ጉሮሮው ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ምግቡን አይነክስም፤ ከጭቃው ጋር አብሮ ወደ አፉ ይስባል፣ ያጣራል፣ ያልፈለገውንም መልሶ ይተፋል። እንግሊዛውያኑ ሌኒ ሚድልተንና ኬቪን ማዶክስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ያበጁት፣ በቆሎውን በመንጠቆው ላይ ከመሰካት ይልቅ ከመንጠቆው በተንጠለጠለች ቀጭን ክር ላይ የማሰር ዘዴ የተመሠረተውም በዚህ ጠባይ ላይ ነው፤ ዓሣው ምግቡን ሲስብ ባዶው መንጠቆ ተከትሎ ይገባል፣ ሲተፋው ደግሞ መንጠቆው ከንፈሩን ይይዛል። እንግዲህ የመንጠቆው ክር ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ይጠበቁበታል ማለት ነው፦ ሲሳብ ለስልሶ መከተል፣ ሲተፋ ግን ተጣጥፎ በቀላሉ አለመውጣት። ከዚህ በታች የምሰጠው ፍርድ ሁሉ የሚመዘነው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

በመጀመሪያ የፈተንኩት በየሱቁ የሚሸጠውን ተራውን ባለ አንድ ዘለላ ናይለን፣ 0.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ነው። ርካሽ ነው፣ ለመቋጠር ቀላል ነው፣ ሲጎተትም ስለሚለጠጥ ዓሣው በድንገት ሲፈረጥጥ ድንጋጤውን ይቀበላል። ድንጋይ በሌለበትና ውኃው በደፈረሰበት ቦታ ያለ ምንም ሐፍረት የምጠቀምበት ክር ነው። ድክመቱ ውኃ መጠጣቱና ከጥንካሬው ጥቂት ማጣቱ፣ ይልቁንም ፀሐይ የሚጎዳው መሆኑ ነው። ደሴ ውስጥ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ጥቅል ደጃፍ ላይ ተሰቅሎ የቆየ ነበርና ገና ስቋጥረው ሁለት ጊዜ ተበጠሰብኝ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 ሜትር ከፍ ብለን በምንኖርበት አገር ፀሐዩ ለናይለን ርኅራኄ የለውም፤ ስለሆነም ከመስኮት ወይም ከደጅ የተሰቀለውን ትቶ ከመደርደሪያው ውስጥ የተቀመጠውን መጠየቅ ይገባል፣ ከመክፈልም በፊት አንድ ክንድ ያህል ስቦ ቋጥሮ መፈተሽ ነውር አይደለም።

ሁለተኛው ፍሎሮካርቦን የተባለው ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ ከውጭ ከመጡልኝ አንዱ ሲሆን ብዙ የተወራለትም እርሱ ነው። የሚወደስበት ምክንያት እውነተኛ መሠረት አለው። ውኃ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.33 ገደማ ሲሆን የፍሎሮካርቦን 1.42፣ የናይለን ደግሞ ከ1.5 በላይ ነው፤ ስለዚህ ለውኃው መጠን የሚቀርበው ፍሎሮካርቦን በጠራ ውኃ ውስጥ ከናይለን ይልቅ ለዓይን ይሰወራል። ክብደቱም ከውኃ 1.78 እጥፍ ስለሆነ ከሐይቁ ወለል ላይ ተጋድሞ ይቀመጣል። ድንጋይ ሲፍቀውም ቶሎ አይቆስልም። ነገር ግን የአዛውንቱን የጣት ፈተና ፈጽሞ አያልፍም፤ ከናይለኑም የባሰ ደረቅ ነው። በአርዲቦ ዳር ውኃው በጠራበትና ጠጠር በበዛበት አንድ ቦታ ጥሩ ውጤት ሰጥቶኛል፣ በለስላሳ ጭቃ ላይ ግን በቆሎው በተፈጥሮ መንገድ እንዳይንቀሳቀስ ከለከለው ብዬ አምናለሁ። ቋጠሮውም ሳይረጥብ ከተጠበቀ በሙቀት ይጎዳል፤ በምራቅ አርጥቦ ቀስ እያሉ ማጥበቅ ግዴታ ነው። ለዋጋው ስል ዳግመኛ አላዝዘውም።

ሦስተኛው ዳይኒማ ከተባለው እጅግ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ቃጫ ዘለላዎች የተሠራው ጉንጉን ክር ነው። ልስላሴው እንደ ሐር ነው፣ በዚያው ውፍረት ከናይለን እጅግ ይበልጥ ይሸከማል፣ በቆሎውም ምንም እንዳልታሰረ ሆኖ ወደ ዓሣው አፍ ይገባል። ሆኖም ሦስት ችግሮች አሉበት። አንደኛ፣ ዳይኒማ ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ በሳህን ውኃ ላይ ቁራጭ ጥሎ ማየት ይቻላል። ሁለተኛ፣ በመወርወር ጊዜ ራሱን በእርሳሱና በዋናው ክር ላይ ይጠመጥማል፤ በሐይቅ ዳር ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ከአምስት ውርወራ ሁለቱ ተጠላልፎ ወጥቶልኛል። ሦስተኛውና እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ፣ ስለማይለጠጥና ቀጭን ስለሆነ ትልቅ ዓሣ በብርቱ ሲጎትት ከንፈሩን የሚቆርጥ መሆኑ ነው። ተለቅቆ የሚመለስም ሆነ ለምግብ የሚወሰድ ዓሣ ያለ ምክንያት ሊቆስል አይገባውም። ተራ ቋጠሮ ስለሚያንሸራትትም ክሩን አጥፎ በድርብ የሚቋጠረው የፓሎማር ቋጠሮ ያስፈልገዋል።

አራተኛው፣ ማለትም ልባስ ያለው ጉንጉን ክር፣ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው ነው። ውስጡ ለስላሳ ጉንጉን ሲሆን ከላይ ጠንከር ያለ የፕላስቲክ ልባስ ለብሷል። ልባሱ ክሩን ቀጥ አድርጎ ስለሚይዘው በውርወራ አይጠላለፍም፣ ከደንገል ሥርና ከድንጋይም ይከላከለዋል። ጥበቡ ያለው ግን ልባሱን በጥፍር ልጦ በማንሣት ላይ ነው፤ ከመንጠቆው አጠገብ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ያህል ሲላጥ፣ ያ ቦታ እንደ ማጠፊያ ሆኖ መንጠቆው በነፃነት እንዲዞር ያደርጋል፣ የቀረው ደረቅ ክፍል ደግሞ ዓሣው በቀላሉ እንዳይተፋው ያግዛል። አንድ ክር ላይ ሁለቱም ጠባይ ተገኘ ማለት ነው። በሐይቅ ዳር ለስላሳ ጭቃና ደንገል በተቀላቀለበት ቦታ በእርሱ የያዝኳቸው ካርፖች ሁሉ የታችኛው ከንፈራቸው መሐል ላይ ተይዘው ነበር፤ በናይለን ከያዝኳቸው ውስጥ ግን በርካታዎቹ በጉንጫቸው ጫፍ ለጥቂት የተያዙ ነበሩ። ጉድለቱን ልናገር፦ ልባሱ ሲላጥ በቢላ የሚጠቀም ሰው የውስጡን ጉንጉን ሳያውቅ ሊቆርጠው ይችላል፣ ከአንድ ትልቅ ዓሣ በኋላም ልባሱ ስለሚሰነጠቅ ክሩ መለወጥ አለበት።

አስተሳሰሩን በተመለከተ ለአራቱም የተጠቀምኩት አንድ መንገድ ነው፦ የክሩን ጫፍ ለበቆሎው ቀለበት ካበጁ በኋላ በመንጠቆው ዓይን ከኋላ አስገብቶ፣ አንገቱን ሰባት ወይም ስምንት ጊዜ ጠምጥሞ፣ እንደገና በዚያው ዓይን ከኋላ ማውጣት። በቆሎውም ሆነ ሽምብራው አንድ ሌሊትና ቀን ተዘፍዝፎ ከተቀቀለ በኋላ ከመንጠቆው ጉብጠት በታች አንድ ሳንቲሜትር ያህል ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። የክሩን ርዝመት በጭቃ ላይ ወደ 25 ሳንቲሜትር አስረዝማለሁ፣ በጠጠር ላይ ወደ 15 አሳጥራለሁ፤ ይህ ለውጥ ከክሩ ዓይነት ባልተናነሰ ውጤት አለው።

የመሸከም አቅሙ 9 ኪሎ ገደማ የሆነ በቂ ነው፣ ሆኖም ከዋናው ክር ጥንካሬ መብለጥ የለበትም፤ መበጠስ ካልቀረ የሚበጠሰው አጭሩ ቢሆን ዓሣው ረጅም ክርና እርሳስ እየጎተተ አይሄድም።

ስለ ዋጋው፣ ልባስ ያለው ክር ከናይለን በብዙ እጥፍ ይወደዳል፣ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሱቆች እስካሁን አላገኘሁትም። ይሁን እንጂ የ20 ሜትር ጥቅል፣ ለአንድ መንጠቆ ቋጠሮውን ጨምሮ 40 ሳንቲሜትር ቢወስድ፣ ለ50 መንጠቆዎች ይበቃል፤ ለእኔ ይህ ከአንድ በጋ የሚያልፍ ነው። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ወይም ወዳጅ የሚልክ ሰው በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፍለት፦ ልባሱ በጥፍር የሚላጥ ለስላሳ ዓይነት እንዲሆን፣ ቀለሙ ቡናማ ወይም የጭቃ እንዲሆን፣ በጥቅሉ ላይም የሚሰጥም መሆኑ የተጻፈበት እንዲሆን። ሦስተኛው ከተረሳ፣ የሚደርሰው ክር ከሳህኑ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ሊታይ ይችላል።