የካ አባዶ ላላችሁ፦ የግቢያችንን ጥበቃ አመስግኑልኝ፣ ኮሚቴዎቻችሁንም ላኳቸው

ሰላም ጎረቤቶች! ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩና መኪና ማቆሚያ ላሰለቻችሁ ሁሉ ነው የምጽፈው።

ግቢያችን ማታ ቦታ ስለማይገኝ ዋናው መንገድ ዳር ያለ አንድ አጥር ውስጥ በወር እየከፈልኩ አሳድር ነበር። ስሙ ይቅርብኝ። አንድ ጠዋት ብሄድ ስፖኪዮዬ የለም። ጠባቂው መፋቂያውን ሳያወጣ «እኔ ተረኛ አልነበርኩም» አለኝ። የወሩን ሒሳብ ሲጠይቅ ግን ሁሌም ተረኛ ነው! ቀጥሎ ባትሪዬ ሄደ፣ እኔም ወጣሁ።

የሚያናድደው የራሳችን ግቢ ቀን ላይ ኳስ ያጫውታል። ማታ ደግሞ ግማሹን ጎማው የተነፈሰ መኪና፣ የአሸዋ ክምርና «የኔ ቦታ ነው» ተብሎ የተደረደረ ድንጋይ ይዞታል።

ይህን ያስተካከሉት አዲሱ ጥበቃችን ናቸው፤ አባባ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን መናኸሪያ ተራ ሲያስከብሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ደብተር ይዘው በየቤቱ እያንኳኩ ማን ስንት ሰዓት እንደሚወጣ መዘገቡ። ማልዶ የሚወጣው ከፊት፣ አርፍዶ የሚወጣው ከኋላ። እንዴት እንደሚያሰሉት አልገባኝም፣ ብቻ ይገባል! ድንጋይ ደርዳሪዎቹ ሲያጉረመርሙ የማህበሩ ሰብሳቢ የኮንዶሚኒየም አዋጁን፣ 370/1995ን ይዘው መጡና ግቢው የጋራ መጠቀሚያ መሆኑን አስረዱ። ድንጋዩ ተነሳ። ቀን የሚለቀቀውን ቦታ ማህበሩ ለአካባቢው ባለሱቆችና መምህራን በደረሰኝ ያከራያል፤ ጨለማ የነበረው ደረጃችን አሁን አምፖል አለው። ኤሌክትሪክ መኪና የገዛው ጎረቤታችን ደግሞ ቻርጅ የሚያደርግበት ጥግ ይፈልጋል፣ እሱ ገና ጭቅጭቅ ላይ ነው።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን ሌላ ነው። እማዬ በሳምንት 3 ቀን የኩላሊት እጥበት አላት፣ እኛ 4ኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት የለም። ሌሊት 11 ሰዓት ደግፌያት ስወርድ ቪትዟ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ደረጃው አፍ ላይ ቆማለች፣ የፊት መስታወቷ ከጤዛው ተጠርጓል። ከጎኗ የአባባ የራሳቸው የፕላስቲክ ወንበር፣ ላዩ ላይ ጋቢያቸው ታጥፎ። «ትንሽ ትረፍ፣ ትንፋሿ ይመለስ» አሉኝ። ማንም አልነገራቸውም፤ ደብተሩ ላይ የሞላሁት የመውጫ ሰዓቴን ብቻ ነበር። እማዬ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ስትመርቃቸው ሄደች። እኔም እመርቃለሁ፦ አባባ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን!

ቦታ የለንም የምትሉ ብሎኮች፣ ቦታማ አላችሁ፣ የሚያሰልፍላችሁ ነው ያጣችሁት። ኮሚቴዎቻችሁን ላኳቸው፣ ደብተሩን ያሳዩዋቸዋል፣ አይሰስቱም። በርግጥ ላኳቸው! ስትመጡ ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ መኪና እያስገቡ ስለሆነ ቀና ብለውም አያዩዋችሁም።