ቤት ከመሸጥ በፊት፦ ስቴጀር፣ የራስ እቃ፣ የኮምፒውተር ሶፋ ወይስ ባዶ ቤት?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረንን ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) ልንሸጥ ስንነሳ ሽያጩን የያዘችልን ኤጀንት ለማየት መጣች። ሳሎኑ መሃል ቆማ ዙሪያውን ቃኘች። ሐበሻ ስለሆነች አልተግደረደረችም። «ቤቱ ቆንጆ ነው፤ እናንተ ግን በዝታችሁበታል» አለች።

እውነቷን ነው። ግድግዳው ላይ የሠርጋችን ፎቶ፣ የልጆቹ ምረቃ፣ የእመቤታችን ስዕል። ጥግ ላይ ረከቦት ከነስኒው። ሶፋው ደግሞ ሃያ ለቅሶ ደራሽ ያስቀምጣል። ለእኛ የሞላ ቤት ነበር። ሊገዛ የሚመጣው ሰው ግን የራሱን እቃ የት እንደሚያስቀምጥ አይታየውም።

እዚህ አሜሪካ ቤትን ለገዢ ዓይን ማሰናዳት ስቴጂንግ ይባላል፤ የሚያሰናዳው ባለሙያ ደግሞ ስቴጀር። ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አራት መንገድ አለ፦ በራስ እቃ አሰናድቶ ማሳየት፣ ለቅቆ ወጥቶ በኪራይ እቃ ማስዋብ፣ ባዶውን ቤት አንስቶ እቃውን በኮምፒውተር ፎቶው ላይ መጨመር፣ እና ባዶውን እንዳለ ማውጣት። እኛ በመጀመሪያው ሸጥን። እህቴ ቨርጂንያ ውስጥ በሁለተኛው ሸጠች። ሁለታችንም የተማርነው አለ።

በራስ እቃ

ከአራቱ ብዙ ላብ የሚጠይቀው፣ ትንሽ ገንዘብ የሚበላው ይህ ነው። ስቴጀሯ አንድ ጊዜ መጥታ ክፍል በክፍል ትዞራለች፤ ምን ይውጣ፣ ምን ይቀየር፣ ምን ይቀባ የሚል ዝርዝር ትሰጣለች። ለዚህ ጥቂት መቶ ዶላር ይከፈላል። አንዳንድ ኤጀንቶች ከኮሚሽናቸው ላይ ይችሉታል፤ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ከፈረማችሁ በኋላ መጠየቅ ያሳፍራል።

ዝርዝሩ ሲመጣ ከቤታችን እቃ ግማሽ ያህሉ ይውጣ ይላል። ባለቤቴ ተቆጣ። እኔም ትንሽ ከፋኝ። ከሶፋው ሁለቱን ወንበር፣ ትልቁን ቡፌ፣ ከየክሎዘቱ (ከየልብስ ማስቀመጫው) ግማሹን ልብስ ስቶሬጅ፣ ማለትም የኪራይ መጋዘን፣ ከተትን። ክሎዘት ከጠበበ ገዢ የሚያስበው ልብስ እንደበዛ አይደለም፤ ቤቱ ማስቀመጫ የለውም ነው የሚለው።

ፎቶና ስዕልም ይውረድ ተባለ። ምክንያቱ ገዢው የሰው ቤት ውስጥ እንደገባ እንግዳ እንዳይሰማው ነው ይላሉ። እኔ ግን ሌላም ነገር አስባለሁ። በ2021 ባልቲሞር ውስጥ ሁለት ጥቁር የጆንስ ሆፕኪንስ መምህራን፣ ባልና ሚስት፣ ሞርጌጃቸውን (የቤት ብድራቸውን) ለማደስ ቤታቸውን ሲያስገምቱ 472,000 ዶላር ተባለ። ከወራት በኋላ የቤተሰብ ፎቶዎቻቸውን አውርደው፣ ነጭ ባልደረባቸው ገማቹን እንዲቀበል አድርገው በሌላ ሲያስገምቱ 750,000 ዶላር ወጣ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ስዕሉን ሳወርድ ይህ ታሪክ በሆዴ ነበር። አወረድኩት፤ ደስ ግን አላለኝም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወደ ሽታው። እኛ ቤታችንን አንሸተውም፤ ለምደነዋል። እጣን፣ ቅቤ፣ የሚቁላላ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ሁሉም መጋረጃና ምንጣፍ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ብዙ ታውንሃውስ ውስጥ ከምድጃው በላይ ያለው አየር መሳቢያ ወደ ውጭ አያወጣም፤ በፊልተር አሳልፎ መልሶ ቤት ውስጥ ነው የሚለቀው። ስለዚህ መጋረጃው ይታጠባል ወይም ይወገዳል። ምንጣፉ በባለሙያ ይጸዳል። የምድጃው መሳቢያ ፊልተር፣ የማሞቂያና የማቀዝቀዣው ፊልተርም ይቀየራል። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ከመቀባቱ በፊት ይታጠባል፤ ቅባት ላይ ቀለም አይይዝም። ሻማና መዓዛ የሚረጭ ነገር አትግዙ። ሽታን በሽታ መሸፈን ገዢውን «ምን ደብቀው ነው?» ያሰኘዋል። እኛ ቤቱ እስኪሸጥ ሽንኩርት አልቁላላንም። ልጆቹ ፒዛ ሰልችቷቸው ሽሮ ናፈቁ። ለወትሮው ተቃራኒው ነው።

ቀሪው ቀላል ነው። አምፖሎቹን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጉ፤ ሳጥኑ ላይ 2700K ወይም 3000K የሚለው ሞቅ ያለ ብርሃን ጥሩ ነው። አንዱ ክፍል ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ ሲሆን ፎቶው ይበላሻል። አንድ ጋሎን ቀለም ከ350 እስከ 400 ስኩዌር ፊት ግድግዳ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ሳሎን መቀባት ኪስ አይጎዳም። ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ግን የድሮውን ቀለም ለመፋቅ አትቸኩሉ፤ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ሻጭ ስለዚያ የሚያውቀውን ለገዢው በጽሑፍ ማሳወቅም ግዴታው ነው።

የዚህ መንገድ ችግር እየኖሩበት ማሳየት ነው። ከሥራ ደክማችሁ ስትገቡ «ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰው ይመጣል» የሚል ቴክስት ይደርሳችኋል። ልጆች ይዞ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ አለ። ትንንሽ ልጆች ላላችሁ፣ ወይም እናት አባት አብረው ለሚኖሩ፣ እውነት ለመናገር አልመክርም።

በኪራይ እቃ

እህቴ ቀድማ አዲሱ ቤቷ ገብታ ስለነበር አሮጌው ባዶ ነበር። የስቴጂንግ ድርጅት ሶፋ፣ አልጋ፣ ምንጣፍ፣ የግድግዳ ስዕል ጭኖ አመጣላት። ለባለ ሦስት መኝታ ታውንሃውስ ከ2,000 እስከ 5,000 ዶላር መጠበቅ ነው፤ እንደ ቤቱና እንደ ክፍሉ ብዛት ይለያያል። ኪራዩ ብዙ ጊዜ ለ30 ወይም ለ60 ቀን ነው። ካለፈ በየወሩ ይጨመራል።

ውጤቱ ያምራል፤ አልክድም። ፎቶው የሆቴል ይመስል ነበር። ገዢ ቤቱን መጀመሪያ የሚያየው ስልኩ ላይ ዚሎው ወይም ሬድፊን የሚባሉትን የቤት ሽያጭ ድረ ገጾች ከፍቶ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአሜሪካ ሪልተሮች (የቤት ሽያጭ ኤጀንቶች) ብሔራዊ ማኅበር በ2025 ባወጣው ጥናት ከገዢ ኤጀንቶች 83 በመቶዎቹ ስቴጂንግ ገዢው ቤቱን የራሱ አድርጎ እንዲያስበው ያግዘዋል ብለዋል። የተጠየቁት ኤጀንቶች መሆናቸውን ግን ልብ በሉ፤ ስቴጂንግ ሥራቸውን የሚያቀልላቸው ሰዎች ናቸው።

እህቴን ያናደዳት ሌላ ነው። ድርጅቱ ሲዋዋል ያሳያት ፎቶና ያመጣው እቃ አልተገናኙም። የመጣው ሶፋ የተጫጫረ ነበር። ውሉ ላይ የእቃው ዝርዝር ስላልተጻፈ መከራከሪያ አጣች። እናንተ ዝርዝሩን አስጽፉ። እቃው ቢበላሽ ማን እንደሚከፍል፣ ቤቱ በሳምንት ቢሸጥ ተመላሽ ይኖር እንደሆነም ጠይቁ። ደግሞ ቤቱን ሁሉ ማስዋብ አያስፈልግም። ሳሎን፣ ዋናው መኝታ ቤትና መመገቢያው ይበቃል። ቤዝመንቱን (ምድር ቤቱን) ተዉት።

ለምትገዙ ደግሞ አንድ ምስጢር፦ እንዲህ በተዋበ ቤት ውስጥ ያለው አልጋ ብዙ ጊዜ አነስ ያለ ነው። ክፍሉ ሰፊ መስሎ ይታያል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

በኮምፒውተር

ባዶ ክፍል ይነሳል፤ ባለሙያ ሶፋና አልጋ ይጨምርበታል። በአንድ ፎቶ ከ20 እስከ 100 ዶላር ነው። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ችግሩ ገዢው ፎቶውን ወዶ ሲመጣ ባዶ ቤት መግባቱ ነው። ፊቱ ላይ ይነበባል።

ተከራይ ለወጣበት ኮንዶ፣ ወይም ምን እንደሚሆን ለማይገባ ክፍል ይጠቅማል። ትንሿን ክፍል ቢሮ አድርጎ ማሳየት ለምሳሌ። ፎቶው በኮምፒውተር የተሠራ መሆኑ ከሥሩ ይጻፍ፤ ባዶው ፎቶም አብሮ ይውጣ። የተሰነጠቀ ግድግዳ በኮምፒውተር ማጥፋት ግን ማጭበርበር ነው። ቤቱን የሚመረምረው ኢንስፔክተር ሲመጣ መታየቱ አይቀርም።

ባዶውን

ባዶ ቤት ሁሉን ነገር ያሳያል፤ የወለሉን ጭረት፣ ሶፋ የቆመበትን የምንጣፍ ስርጉዳት። ክፍሉም አንሶ ይታያል። ቤቱ አዲስ ከሆነ፣ ወይም ገዢው አፍርሶ ሊሠራው ከሆነ ግን ለእቃ ምን አስወጣችሁ? አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ብዙ የቤት ኢንሹራንስ ቤቱ ከ30 ወይም ከ60 ቀን በላይ ባዶ ከቆየ ሽፋኑን ይቀንሳል። ከመልቀቃችሁ በፊት ደውሉላቸው።

ሂሳቡን እንሥራ

550,000 ዶላር የሚጠየቅበት ቤት ሳይሸጥ ቢቆይና ዋጋው በ1 በመቶ ብቻ ቢቀነስ 5,500 ዶላር ሄደ ማለት ነው። ባዶ ቤት ላይ የወር ሞርጌጅ መክፈልም አለ። ስለዚህ ለቅቃችሁ ከወጣችሁ 3,000 ዶላር ለኪራይ እቃ ማውጣት አያስቆጭም። አሁንም የምትኖሩበት ከሆነ ግን ያን ገንዘብ ለሶፋ ኪራይ አታውጡት። መጀመሪያ ለምንጣፍ ጽዳትና ለቀለም ይዋል፤ ቀጥሎ ለስቶሬጅና ለጥሩ ፎቶግራፈር። ከተረፈ ልጆቹን ለመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ ሆቴል ውሰዷቸው። ኦፕን ሃውሱ፣ ቤቱ ለማንም ተመልካች የሚከፈትበት ቀን፣ የሚሆነው ያኔ ነው።

የእኛ ስቴጀር ያን ሁሉ አስወጥታ ስታበቃ አንድ እቃ ብቻ ይቅር አለች፤ የሐረሩን መሶብ። መመገቢያው ጥግ አስቀመጠችው፣ ፎቶው ላይም ወጣ። ኦፕን ሃውስ ላይ አንድ ፈረንጅ ኤጀንቷን «ይሄ ከቤቱ ጋር ነው?» ብሎ ጠይቋት ነበር። አይደለም አለችው።