ብሪጅ ሞድ፣ አክሰስ ፖይንት ወይስ ሁለት ራውተር በአንድ ቤት?

የፋይበር አቅራቢው የሚተክለው ሳጥን ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። በፋይበሩ የመጣውን ብርሃን ወደ ኤተርኔት ይቀይራል፤ ራውተር ሆኖም አይፒ (ለእያንዳንዱ መሣሪያ የኔትወርክ አድራሻ) ያድላል፣ ዋይፋይ ያሰራጫል። በብሪጅ ሞድ ሁለተኛው ሥራ ከሳጥኑ ተነጥቆ እርስዎ ለገዙት ራውተር ይሰጣል። በአክሰስ ፖይንት ሞድ ግን ራውተሩ ያው ሳጥኑ ነው፤ አዲሱ ዕቃ ዋይፋይ ብቻ ይሰጣል። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው ኬብል ሰክቶ ሳያውቀው የሚገባበት፣ ሁለቱም ራውተር ሆነው የሚቀሩበት ነው፤ ድርብ ናት (double NAT፣ አድራሻ ሁለት ጊዜ መቀየር) ይሉታል።

ችግሩ ዋይፋይ ጓዳ ድረስ አለመድረሱ ብቻ ከሆነ አክሰስ ፖይንት ይግዙ። ብሪጅ ሞድ የከፈሉበትን ፍጥነት አያሳድግም፣ ዋይፋዩንም ግድግዳ አያሻግረውም። ያረጀ ራውተርም ለዚህ ይሆናል፦ ዲኤችሲፒውን (DHCP፣ አይፒ የሚያድለውን ክፍል) ያጥፉ፣ ሳጥኑ 192.168.1.1 ከሆነ ለአሮጌው ራውተር 192.168.1.2 ይስጡት፣ ኬብሉን ዋን (WAN፣ የኢንተርኔቱ መግቢያ) ላይ ሳይሆን ላን (LAN፣ የቤት ውስጥ ኔትወርክ) ፖርቱ ላይ ይሰኩ። ዲኤችሲፒው ሳይጠፋ ከቀረ አይፒ የሚያድሉት ሁለት ይሆናሉ፤ አንዱ ስልክ ይሠራል፣ ሌላው ዋይፋይ ይዞ ምንም አይከፍትም።

ድርብ ናት እንደሚወራበት ክፉ አይደለም። ድረ ገጽም ቪዲዮም ይሠራል። የሚያስቸግረው ከውጭ በቀጥታ ወደ ቤት መግባት ሲያስፈልግ ነው፤ አንዱን ፖርት (መሰኪያውን ሳይሆን በቁጥር የሚታወቀውን የግንኙነት በር) ሁለቱም ላይ መክፈት ግድ ይላል። ሁለቱም 192.168.1 ላይ ከሆኑ ደግሞ ይጋጫሉ፤ የራስዎን ወደ 192.168.50.1 ይቀይሩት። አቅራቢው ብሪጅ ካልፈቀደልዎ የሳጥኑን ዲኤምዚ (DMZ፣ ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ወደ አንድ መሣሪያ የሚልክ ቅንብር) በራውተርዎ ዋን አድራሻ ላይ ያድርጉ፤ ሁለቴ መክፈቱ ይቀራል።

ብሪጅ ሞድ የሚያዋጣው ቤቱ ቪፒኤን ሰርቨር (ከውጭ ወደ ቤት ኔትወርክ በተመሰጠረ መስመር መግቢያ) ለሚያቆም ወይም ፋየርዎሉንና የትራፊክ ቁጥጥሩን በራሱ ራውተር ለሚፈልግ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ግን የሳጥኑን የዋን ገጽ ከፍተው አይፒውን ይዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ወይም በ10 ነጥብ (10.) የሚጀምር ከሆነ አቅራቢው አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው፤ ብሪጅ ቢያደርጉም ከውጭ የሚገባ አይኖርም።

ብሪጅ ለማድረግ ከወሰኑ የዋን ገጹን መጀመሪያ ፎቶ ያንሱት። የፒፒፒኦኢ (PPPoE፣ ወደ አቅራቢው የመግቢያ ዘዴ) ዩዘርኔም፣ ፓስወርድ እና የቪላን (VLAN፣ የኢንተርኔቱን መስመር ከሌሎቹ የሚለይ መለያ) ቁጥር ያስፈልጋሉ፤ ፓስወርዱ ነጠብጣብ ሆኖ ስለሚታይ አቅራቢውን ይጠይቁ። ከዚያ የኢንተርኔቱን መስመር ብቻ ከራውት ወደ ብሪጅ ይቀይሩ፣ ከላን 1 ጋር ያያይዙት፣ የሳጥኑን ዋይፋይ ያጥፉ። የስልክና የቴሌቪዥን መስመሮች ካሉ አይንኳቸው። ከላን 1 ወደ ራውተርዎ ዋን ኬብል ይሰኩ፣ ራውተሩ ላይ ፒፒፒኦኢ መርጠው ኤምቲዩውን (MTU፣ በአንዴ የሚላከውን የዳታ መጠን ጣሪያ) 1492 ያድርጉ።

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ቪላን ላይ ነው። ቁጥሩ አንድ ቦታ ብቻ መግባት አለበት፤ ሳጥኑ ላይ ካለ ራውተሩ ላይ ባዶ ይተውት፣ ሳጥኑ ሳይነካ የሚያሳልፍ ከሆነ ራውተሩ ላይ ያስገቡት። ሁለቱም ዘንድ ከገባ ወይም ሁለቱም ዘንድ ከሌለ "በመገናኘት ላይ" እንዳለ ይቀራል። ቪላኑ ትክክል ሆኖ እምቢ ካለ የሳጥኑ የቀድሞ ግንኙነት አቅራቢው ዘንድ ገና አልተዘጋ ይሆናል፤ ጥቂት ደቂቃ አጥፍተው ያብሩት።

ሲጨንቅዎት ሪሴት ቁልፉን አይጫኑ። በአንዳንድ ሳጥን የአቅራቢው ምዝገባ አብሮ ይጠፋል፤ የፖን (PON፣ የፋይበሩ ግንኙነት) መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ይቀራል፣ የሚመልሰውም አቅራቢው ብቻ ነው። ከርቀት የሚቆጣጠሩት ሳጥን ደግሞ ያስገቡትን ብሪጅ በራሱ ጊዜ ሊሽረው ስለሚችል፣ ቅንብሩን እነሱው በኩል እንዲያደርጉት መጠየቁ ይሻላል። ብሪጅ ከሆነ በኋላ የሳጥኑ ገጽ ካልተከፈተ ላፕቶፑን በቀጥታ ሌላው ላን ፖርት ላይ ሰክተው 192.168.1.10 ብለው በእጅ ይስጡት።

ለብሪጅ የሚገዙት ራውተር ዋን ፖርቱ ጊጋቢት፣ ዋኑ ላይም ቪላን የሚቀበል ይሁን። ፒፒፒኦኢ ፕሮሰሰር ይበላል፤ የሃርድዌር ማፋጠኛ የሌለው ርካሽ ራውተር ጊጋቢት መስመር ላይ ፍጥነቱን ያንቃል። ለአክሰስ ፖይንት ፖርቱ ጊጋቢት ከሆነ ሌላው አያሳስብም፣ ገንዘቡን ዋይፋዩ ላይ ያውሉት። ፍጥነቱ 94 ሜጋቢት አካባቢ ደርሶ ከቆመ ግን ራውተሩን ከመውቀስዎ በፊት ኬብሉን ይለውጡ፤ ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ሽቦ ይፈልጋል፣ አንዱ ከተቆረጠ ወደ 100 ሊወርድ ይችላል።